እምቢታ የሚያምን ማሽን

ጎንደር ውስጥ «ምሳ በልተሃል?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው መልስህን እየሰማ አይደለም። «በልቻለሁ» ብትለው ማዕዱን ማቅረቡን አይተውም። «ጠግቤያለሁ» ብትለው ጭራሽ ይብስበታል። እሱ መጠየቁ ሥርዓት ነው፤ አንተ እምቢ ማለትህም ሥርዓት ነው፤ እሱ እምቢታህን አለመስማቱም ሥርዓት ነው። ሦስተኛው ልመና ላይ «እንግዲህ እንዳላስቀይምህ» ብለህ እጅህን ትታጠባለህ። ይህን መግደርደር እንለዋለን። ሲጠሩት ወዲያው የሚቀርብ ሰው እኛ ዘንድ ሆዳም ነው። ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ የሁለት ሰው የሚበላ ግን ጨዋ ይባላል።

ጣጣው ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ሲገጥምህ ነው። አንድ የጥምቀት ሰሞን እዚሁ ጎንደር ከቀሐ ወደ አራዳ በእግሬ ስወጣ፣ አዲስ አበባ ከርሞ የመጣ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ማኪናውን አጠገቤ አቆመና ግባ ላድርስህ አለኝ። ጫማዬ አዲስ ነበር፤ ተረከዜን ልጦታል። ዳገቱ ገና ፊቴ ነው። ታዲያ እኔ ምን አልኩት? ኧረ ግድ የለም፣ በእግሬ መሄድ ነው የምወድ አልኩት። እሱ እቴ፣ «እሺ በል» ብሎ ነዳው። ሁለተኛ እንኳ አልጠየቀኝም። አራዳ እስክደርስ አዲስ አበባን ከነነዋሪዋ ስረግም ወጣሁ። በኋላ ሳገኘው ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ስፖርት ጀመርክ አሉ፣ በርታ።

እንግዲህ ያ ሰው ነው። ከእናት የተወለደ፣ ጎንደር ያደገ ሰው። እኔ አሁን የምነግርህ ግን ስለ ማሽን ነው።

የምሠራው፣ ይቅርታ፣ የምሠራ የነበረው አራዳ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ነው። ስሙን ተወው፤ አይጠቅምህም። ማኅበሩ ሳንጃ ላይ የሰሊጥ መጋዘን አለው። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሰርቨር ተቀምጧል። ሰርቨር ማለት ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግል ኮምፒውተር ነው ይሉሃል፤ እኔ እስከማውቀው ግን ሥራው ሲቆም ሁሉንም ይዞ መቆም ነው። ገበሬው ሰሊጡን ያመጣል፣ ሚዛን ላይ ያወጣል፣ ክብደቱ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል። ሰርቨሩ ታዲያ የሳንጃን ሙቀት አልወደደውም። ድንገት ድርቅ ይላል። እሱ ሲደርቅ ሚዛኑ ይቆማል፣ ሚዛኑ ሲቆም ገበሬው በር ላይ ይሰለፋል።

መድኃኒቱ አንድ ነው። ማጥፋትና መልሶ ማብራት። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጋውን ለብሼ ተመርቄያለሁ። ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ከዋናው ቢሮ ጥብቅ ትእዛዝ ስላለ፣ ሰርቨሩ በደረቀ ቁጥር እኔ ከጎንደር በማኪና ሳንጃ እወርዳለሁ።

ሳንጃ ስደርስ የሚቀበሉኝ የመጋዘኑ ኃላፊ አያ ሞላ ናቸው። አያ ሞላ የዳባት ሰው ናቸው፤ ቆላ ወርደው ዕድሜያቸውን ሰሊጥ ሲጠብቁ ቢኖሩም ደጋነታቸው አልለቀቃቸውም። ሙቀቱ ሰው በሚቀቅልበት ቀን እንኳ ጋቢያቸውን አይጥሉም። እኔን ሲያዩ መጀመሪያ የሚሉት አረፍ በል፣ ማሽኑ የት ይሄዳል ነው። እኔ እቸኩላለሁ እላለሁ። እሳቸው በሞቴ ይላሉ። ኧረ ቁርሴን በልቻለሁ እላለሁ። አፈር ስሆን ይላሉ። እንግዲህ እንዳላስቀይምዎ እላለሁ። ፍየሏ መጀመሪያውኑ ታርዳለች። ከዚያ ሙቀት ነው፣ ጋደም ይባላል። ከዚያ ተነስቼ ማጥፊያውን እጫናለሁ፣ ትንሽ ጠብቄ መልሼ አበራዋለሁ። ሪፖርቴ ላይ «ውስብስብ የቴክኒክ ችግር ተፈቷል» ብዬ እጽፋለሁ። ፍየሏን አልጠቅስም።

ሸጋ ኑሮ ነበር። አዲስ ሥራ አስኪያጅ እስኪመጣ ድረስ።

ሰውየው ሥልጠና ወስዶ የመጣ ነው። ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው አንተ ትፈራለህ? እኔ እፈራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮው ጠራኝና ከእንግዲህ ሳንጃ መውረድ የለም፣ ኤጀንት አስገብተናል አለኝ። ኤጀንት ሲል እኔ ቤት የሚያከራይ ደላላ መሰለኝ። ለካ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑ እያበራ አስረዳኝ። ኤጀንቱ አዋቂ ነው፤ እጅ ግን የለውም። እጅ የሚሆነው መገናኛ ተዘርግቶለታል። በዚያ መገናኛ በኩል ማንም ከጎንደር ሳይነሳ ሳንጃ ያለውን ሰርቨር ያያል፣ ሲደርቅ ያውቃል፣ መብራቱን ቆርጦ መልሶ ይለቃል። መብራት መቁረጥማ እዚህ አገር ያለ ኤጀንትም ሲሳካ ኖሯል ልለው ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ተደረገ። ሰርቨሩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ሚዛን ላይ ሰው እያለ ቢጠፋ ያልተቀመጠው ክብደት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ኤጀንቱ ከማጥፋቱ በፊት መጋዘን ያለውን ኃላፊ በስልክ መልእክት ማስፈቀድ አለበት። ከተከለከለ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ሰው እንዳያሰለች ታዟል። እና ኃላፊው ማን ናቸው? አያ ሞላ።

የእኔስ ነገር አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ቅን ሰው ነው፤ አልሸሸገኝም። ይህ የሰሊጥ ወቅት የሙከራ ጊዜ ነው አለኝ። ኤጀንቱ ሙከራውን ካለፈ ያንተ የሥራ መደብ ይታጠፋል። መደብ ሲታጠፍ አይተህ ታውቃለህ? እኔም አላየሁም። ሁለት ልጆች፣ የኪራይ ቤት፣ አንዲት ከእኔ ይልቅ ደመወዜን የምታምን ሚስት አለችኝ። ኤጀንቱ እንዲወድቅ ተሳልኩ ብልህ አይፈረድብኝም።

ስለቴ ደግሞ ወዲያው ሠመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰርቨሩ ደረቀ። ኤጀንቱ ለአያ ሞላ ጻፈላቸው፤ ጤና ይስጥልኝ፣ ሰርቨሩ መሥራት አቁሟል፣ አጥፍቼ እንዳስነሳው ይፈቅዳሉ? አያ ሞላ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ትሕትናው ልባቸውን ነካው። ታዲያ እንደ እሳቸው ያለ ጨዋ ሰው ለትሑት ምን ይመልሳል? «ኧረ አትልፋ የኔ ጌታ፣ ምን በወጣህ።»

ማሽኑ ምን አለ? «እሺ። ውሳኔዎን አከብራለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

አያ ሞላ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሁለተኛውን ልመና ጠበቁ። ውጭ የገበሬው ትራክተር ከነተጎታቹ ተደርድሯል፤ ሰሊጡ በማዳበሪያ ታስሮ ተቆልሏል፤ በሰሜን በኩል ያለ ወቅቱ ደመና እየጠቆረ ነው። አያ ሞላ ይጠብቃሉ። ማሽኑም የታዘዘውን አክብሮ ዝም ብሏል። ሁለት ጨዋዎች ተፋጠጡ።

በመጨረሻ ለእኔ ደወሉልኝ። ምነው፣ ይህ አዲሱ ልጅ ተቀየመኝ እንዴ አሉኝ። አንዴ ብሎ ተወኝ እኮ፤ ምን ያልኩት ነገር አለ? ማሽን ነው አያ ሞላ፣ ሲጠይቅዎ እሺ ይበሉት አልኳቸው። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ? ሰው ምን ይለኛል? አሉኝ። ማን ያየዎታል፣ ማሽን እኮ ነው አልኳቸው። ማሽኑስ ቢሆን፣ ምን ይለኛል?

ማኪና ተሰጥቶኝ ወረድኩ፣ እቸኩላለሁ አልኩ፣ ፍየል በላሁ፣ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ደመናውም ሳይዘንብ አለፈ። ስመለስ መንገዱን ሁሉ እየዘፈንኩ ነው። ለሚስቴም አትስጊ፣ የአያ ሞላ አስተዳደግ እያለ እንጀራችን አይነካም አልኳት።

ሥልጠና የወሰደ ሰው ግን በቀላሉ ተስፋ አይቆርጥም። ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው መግደርደር ነበር። በማኅበሩ ታሪክ እንደዚያ ያለ ሞቅ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ሰው ባለሙያ ሆነ። ሒሳብ ሹሟ ተግደርድራ ከአማቷ ቤት በረሃብ የወጣችበትን ቀን አወራች። ሾፌሩ የዘመዱ ሠርግ ላይ ተቀመጥ ሲሉት ግድ የለም ብሎ ቆሞ የጨረሰበትን ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ አንተ አያ ሞላን ታውቃቸዋለህ፣ ለኤጀንቱ የሚሆን ደንብ አውጣልን አለኝ። በሰው ፊት ባለሙያ ነህ ስባል ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው። አስረዳኋቸው። የመጀመሪያዋ እምቢታ ሰላምታ ናት፤ እንዳልሰማህ ሆነህ «በሞቴ» በል። ሁለተኛዋ ላይ «አፈር ስሆን» በል። ሦስተኛዋ ላይ ሥራህን ሥራ፤ ሦስተኛዋ እምቢታ ፈቃድ ናት። ከተሰብሳቢው አንዱ፣ ማሽን አይሞት፣ አፈርም አይሆን፣ እንዴት በሞቴ ይላል ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ሰርቨሩ እስከተነሳ ድረስ ይማል አለ።

የራሴን ስንብት በራሴ አፍ እያስተማርኩ መሆኔ የገባኝ ቤቴ ደርሼ ነው። የነገረችኝም ሚስቴ ናት።

ከዚያ ወዲያማ ምኑን ልንገርህ። ሰርቨሩ ይደርቃል፣ ኤጀንቱ ይጠይቃል፣ አያ ሞላ አትልፋ ይላሉ፣ ኤጀንቱ በሞቴ ይላል፣ አያ ሞላ ኧረ አይገባም ይላሉ፣ ኤጀንቱ አፈር ስሆን ይላል፣ አያ ሞላ ኧረ ተው ይላሉ፣ ሰርቨሩ ይነሳል። አያ ሞላ ወደዱት። ደውለው ይህ ልጅ ሸጋ ነው፣ አስተዳደግ አለው፣ የማን ልጅ ነው ይሉኛል። አንድ ቀን ጭራሽ ምሳ ጋበዙት። ኤጀንቱ አመሰግናለሁ፣ እኔ ምግብ አልበላም ብሎ ጻፈላቸው። አያ ሞላ በደስታ ደወሉልኝ፤ አየኸው፣ ይግደረደራል። በሞቴ አሉት። ሰው ሠራሽ በመሆኔ መብላት አልችልም አላቸው። ሰው ከሠራህማ የሰው ልጅ ነህ፣ ምን ያኮራሃል ብለው መለሱለት። እንዲህ እየተባባሉ ግማሽ ቀን ዋሉ። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፍየል ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ሙከራው ጥሩ እየሄደ ነው፣ ዕቃህን ቀስ በቀስ ሰብስብ አለኝ። ዕቃዬ አንድ ጃኬትና አንድ ብርጭቆ ነው። ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚሰበሰብ አላውቅም፤ ጃኬቱን መጀመሪያ ወሰድኩት።

ታዲያ በመካከሉ አያ ሞላ ለለቅሶ ወደ ዳባት ወጡ። ፈቃድ የመስጠቱን ነገር ለሚዛን ሠራተኛዋ ለትርንጎ ትተውላት ሄዱ። ትርንጎን አታውቃትም። ትርንጎ ስትራብ ራበኝ፣ ስትጠግብ በቃኝ የምትል ሴት ናት። በዚህ ጠባይዋ ሰፈሩ ሁሉ አስተዳደግ የላትም ይላታል። የዚያን ቀን ገበያው ደርቷል፤ ሰሊጡ ይመዘናል፣ ከማዳበሪያው ወጥቶ መጋዘኑ ወለል ላይ ካለው ትልቁ ክምር ላይ ይገለበጣል። ሰርቨሩ አልደረቀም፤ ማዝገም ብቻ ጀምሯል። ኤጀንቱ ግን መገናኛው በኩል ማዝገሙን አይቶ ጠየቀ። ላስነሳው?

ትርንጎ አይሆንም፣ ሚዛን ላይ ሰው አለ አለችው። ኤጀንቱ ይህን እንደ ሰላምታ ቆጠረው። በሞቴ አላት። አይሆንም አልኩህ፣ የጠዋቱ ሁሉ ገና አልተቀመጠም አለችው። አፈር ስሆን አላት። ትርንጎ ሚዛኑን ትታ በሁለት እጇ ጻፈች፤ እንዳትነካ። ሦስተኛ እምቢታ ማለት እንግዲህ ይህች ናት። ኤጀንቱ ስለ ፈቃድዎ አመሰግናለሁ ብሎ አጠፋው።

የጠዋቱ ክብደት ሁሉ ብን አለ። ሰሊጡ ክምሩ ላይ ነው፣ አንድ ላይ ተደባልቋል። የማን ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ባለቤቱን ጠይቅ። ያን ዕለት ሳንጃ ላይ አንድም ሰው አልተግደረደረም። እያንዳንዱ የኔ ይህን ያህል ነበር ብሎ የተናገረው ሲደመር ከመጋዘኑ በለጠ። ዱላ ሊነሳ ሲል ሽማግሌ ገባ። አንዱ ሲምል ሌላው ሲገዘት ውሎ፣ ሁሉም ከአፉ ትንሽ ትንሽ ቀነሰና ታረቁ። ትርንጎ ስልኩን ዛፍ ሥር አስቀምጣ ስትሰድበው ዋለች። ኤጀንቱም ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ እያለ ይመልስላታል አሉ።

ወሬው ጎንደር ሲደርስ አዘንኩ። ማዘን ስላለብኝ አዘንኩ። ብርጭቆዬን ግን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ መልሼ አስቀመጥኳት።

ሥራ አስኪያጁ እንደገና ሁላችንንም ሰበሰበ። ከስቷል። ችግሩን ደርሼበታለሁ አለ። ማሽኑ የምር እምቢታንና ግድርደራን መለየት አይችልም። ይህን የሚለየው ከዚሁ አገር የበቀለ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ መደብ ይከፈታል። የኤጀንቱ ጥያቄ እምቢ በተባለ ቁጥር እምቢታው ለዚህ ሰው ይላካል፤ ሰውየው የምር ነው ወይም ግድርደራ ነው ብሎ ይወስናል፤ ኤጀንቱ በዚያ ይሠራል። ቋሚ ሥራ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከአንተ የሚቀርብ የለም፣ ሥራውን ትወስደዋለህ?

ወዳጄ፣ ልጆቼ ታዩኝ። የቤት ኪራዩ ታየኝ። ሚስቴ ስትስቅ ታየችኝ። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል፤ ሒሳብ ሹሟ፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው ሳይቀር በበሩ አንገቱን አስገብቷል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሆዳም ልዘል ነው? አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ኧረ እኔ ምን ችሎታ አለኝ፣ የሚሻል ሰው ፈልጉ» አልኩ።

ሁለተኛውን እምቢታ በአፌ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ሦስተኛው ላይ የምለውን የምስጋና ቃል ሁሉ አሰናድቻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ «እሺ» አለኝ። «ውሳኔህን አከብራለሁ።»

ከማሽኑ ጋር ስንት ወር እንደከረመ ዘንግቼው ነበር። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ስልኩን አነሳ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፈተና ከለቅሶ ወደ ሳንጃ ለተመለሱት ለአያ ሞላ ደወለ። አያ ሞላ፣ አንድ አዲስ ሥራ አለ፣ እርስዎ ቢይዙት ብሎ ሳይጨርስ «እሺ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳባት ድረስ የሚሰማ እሺ ነው። ሲጠየቁ ወዲያው እሺ ይበሉ ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ምክሬን ለዚች ቀን አስቀምጠውታል።

ከስብሰባው ተከትዬ ወጣሁና ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። እየተግደረደርኩ እኮ ነው አልኩት። ይህን መናገር ምን ያህል እንደሚያሳፍር ጎንደሬ ካልሆንክ አይገባህም። እሱ ግን ቅን ሰው ነው አላልኩህም? አሰበበትና እውነትህን ሊሆን ይችላል አለኝ። እኔ ግን መለየት አልችልም፤ ለዚህ አይደል መደብ የከፈትነው? ለባለሙያው ይላክና ይወሰን።

ኤጀንቱ ቃሌን እንዳለ ወስዶ ለአያ ሞላ ላከላቸው። «ኧረ እኔ ምን ችሎታ አለኝ፣ የሚሻል ሰው ፈልጉ።» የምር ነው ወይስ ግድርደራ? የመጀመሪያ ሥራቸው ናት። ግድርደራ ነው ካሉ ወንበሩ የእኔ ነው፤ የምር ነው ካሉ የእሳቸው ነው። ፍየላቸውን በሞቴ እየተባልኩ ስንት ጊዜ በልቻለሁ፤ በዚህ ምድር ላይ ግድርደራዬን እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ አልሰጋሁም።

አያ ሞላ ብዙ አሰቡበት አሉ። ከዚያ መልሱ መጣ። የምር ነው። ልጁን አውቀዋለሁ፣ የልቡን ነው የተናገረ።

ጃኬቱን ቀድሜ ስለወሰድኩ ብርጭቆዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ አያ ሞላ ደወሉልኝ። አልከፋህም አይደል አሉኝ። ኧረ ምን ከፋኝ አልኳቸው። እንግዲያው ሳንጃ ውረድና አንዲት ፍየል እንብላ አሉኝ። ገና ፍየል ሲሉ «መጣሁ» አልኳቸው።

ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አደረጉት። ከዚያ አጠገባቸው ላለችው ለትርንጎ ይመስለኛል፣ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ «ምነው፣ ይህ ልጅ ሥራውን ሲያጣ ጨዋነቱንም አጣው?»